አውሮፕላን በቅርጫ

የሰው ልጅ በሁለት ይከፈላል ብል ማን ይከለክለኛል? አንዱ ወገን የተበተነ ነገር ሲያይ መግጠም ያምረዋል፤ ሌላው ወገን የተገጠመ ነገር ሲያይ መበለት ያምረዋል። ፈረንጅ ከመጀመሪያው ወገን ነው። ብሎን ከሰጡት ሰዓት፣ ሰዓት ከሰጡት ባቡር ሳይሠራ እንቅልፍ አይወስደውም። እኛ ደግሞ፣ እግዜር ይመስገን፣ ከሁለተኛው ነን። ዶሮ ስጡን፣ አሥራ ሁለት ቦታ እናደርግላችኋለን። ወይፈን ስጡን፣ ጤዛው ሳይረግፍ እያንዳንዱ ብልት የየራሱ ባለቤት ይኖረዋል። የተበለተ ዶሮ መልሶ ገጥሞ ያስጮኸ ባለሙያ ግን እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ካለ ወዲህ በሉት። በሃምሳዎቹ ዓመታት አጋማሽ ሶዶ ላይ አጥብቄ ፈልጌው ነበር።

ያን ጊዜ ሶዶ ከተማ ሒሳብ አስተምር ነበር። ከእኔ ቤት በአንድ አጥር ተለይቶ የሚኖር የሳይንስ አስተማሪ ነበረ፤ ወጣት እንግሊዛዊ ነው። ስሙ ለአፋችን አልገራ ስላለን ተማሪውም መምህሩም ዝም ብለን «ሚስተር» እንለዋለን። ሚስተር ከአገሩ አንድ ካርቶን አስልኮ ነበር። የካርቶኑ ክዳን ላይ እንግሊዞች በዓለም ጦርነቱ የተዋጉበት አውሮፕላን እሳት እየተፋ ሲወርድ ተስሏል። ውስጡ ግን አውሮፕላን የለም! ያለው እንደ ዓሣ አጥንት እርስ በርሱ የተያያዘ ግራጫ ፕላስቲክ፣ አንድ ቱቦ ሙጫ፣ ትንሽ ቀለምና የመመሪያ ወረቀት ነው። የክንድ ያህል የምትሆነዋን አውሮፕላን ፈልፍሎ፣ ገጥሞ፣ ቀብቶ የሚጨርሳት የገዛት ሰው ራሱ ነው። ይህን ስሰማ ሳቄ አመለጠኝ። ዳቦ ሊገዛ ሄዶ ስንዴ ይዞ ሲመለስ የሚደሰት ሰው አይታችኋል?

ነገሩ ግን ለሚስተር ጨዋታ አልነበረም። አባቱ በጦርነቱ ጊዜ የእነዚህ አውሮፕላኖች መካኒክ ነበሩ። ከዚያ ከተመለሱ ወዲህ ስለዚያ ዘመን ለቤተሰባቸው አንድ ቃል ተንፍሰው አያውቁም። ስለ አንድ ነገር ዝም ያለ ሰው ደግሞ ውሎ አድሮ ስለ ሌላውም ዝም ማለት ይለምዳል። አባትና ልጅ ከሰላምታ በቀር የሚነጋገሩት እያጡ ሄዱ። እኚህ አባት የመስቀል ሰሞን ልጃቸውን ሊያዩ ሶዶ ሊመጡ ነው። ሚስተር አውሮፕላኑን ሠርቶ ጠረጴዛ ላይ ያኖረዋል፤ አባት ያዩታል፤ ካዩት አፋቸው ይፈታል። ምኞቱ ይኸው ነበር። ሲነግረኝ ዓይኑን ከካርቶኑ ላይ አላነሣም። እኔም ሳልነጋገር የቀበርኩት አባቴ ትዝ አለኝ።

አባትየው ሊገቡ ሦስት ሳምንት ሲቀራቸው ሚስተር ተማሪዎቹን ሊጠይቅ ዲምቱ ወረደ። የቆላው ትንኝ ደግሞ ፈረንጅ አይቶ አያልፍም። ስምንት ቀን ሲቀር ወባ ጣለውና ኦቶና ሆስፒታል ገባ። ልጠይቀው ስሄድ ሦስት ብርድ ልብስ ደርቦ ይንቀጠቀጣል። እንዲያ ሆኖም የሚያስበው ስለ ካርቶኑ ነው። እኔ ደግሞ አንድ ክፉ አመል አለብኝ፤ የታመመ ሰው ሳይ አፌ ቃል ይገባል። «አታስብ፣ እኔ እጨርሰዋለሁ፤ አባትህ ሲገቡ አውሮፕላኑ ቆሞ ይጠብቃቸዋል» አልኩት። በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጁ እጄን ያዘኝ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ከዚህ በኋላ መመለሻ አልነበረኝም።

ቤቴ ገብቼ ካርቶኑን ፈታሁ። ወረቀቱ ሁሉ ቁጥር በቁጥር ነው። ሒሳብ አስተማሪ ቁጥር ይፈራል? አይፈራም። ሙጫው ነው እንጂ ያስቸገረኝ። ቱቦው አልከፈት አለኝ፤ ጨመቅሁት፤ እንደገና ጨመቅሁት፤ በሦስተኛው ጊዜ ያለ የሌለው በጎኑ ፈነዳ። ካርቶኑ ከጠረጴዛው፣ ጠረጴዛው ከክንዴ ተጣበቁ። ባለቤቴ መጥታ አየችኝና እስካሁን ከአውሮፕላኑ የገጠምኩት ክፍል እኔው ራሴን ብቻ መሆኑን ነግራኝ በላምባ አላቀቀችኝ። ሙጫው እዚያው አለቀ። ክፍሎቹን እንደ ምንም ነቃቅዬ ሰፌድ ላይ አስጥቼ አደርኩ።

በማግስቱ የቅርጫ ቀን ነው። በወላይታ የዘመን መለወጫው ጊፋታ ሲደርስ ሥጋ ብቻውን የሚገዛ ሰው ወይ መንገደኛ ነው ወይ ከጎረቤት የተጣላ ነው። እኛ አምስት ነበርን። አንደኛው አቶ አንጁሎ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ በእምነታቸው ጠጅ የማይቀምሱ፣ በሥጋ ላይ ግን ከኦርቶዶክሱም ከወንጌል አማኙም እኩል የሚስማሙ። ድልድሉ የሳቸው ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲደለድሉ አንድ ሰው እንኳ «የኔ አነሰ» ብሎ አያውቅም። እትዬ ዳንቶሬ የቅቤ ነጋዴ ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ የባላቸውን ድርሻ ራሳቸው ይዘዋል። ልብስ ሰፊው ተክሌ አለ። ድሬሰር ጋንታ አለ፤ ቁስል አጣቢ፣ መርፌ ወጊ፣ እጁን ሳይታጠብ ማንንም የማይጨብጥ ሰው ነው። አምስተኛው እኔ ነኝ። የዚያን ዓመት ወይፈኑ የወደቀው እኔ ግቢ ነበር።

ሥጋው ተደልድሎ ዕጣው ከወጣ በኋላ ሰፌዱ ላይ ያለውን ጉድ አዩት። ችግሬን ነገርኳቸው። ስለ ልጁ ወባ፣ ስለ አባትየው ዝምታ፣ ስለ ቃሌ፣ ሁሉንም። እትዬ ዳንቶሬ ከንፈራቸውን መጠጡ። አቶ አንጁሎ ቢላዋቸውን እየጠረጉ ካሰቡ በኋላ፣ «መምህር፣ አንድ ሰው በሬን ብቻውን ይጨርሳታል ወይ? ሥራም ሥጋም አንድ ነች። ሲካፈሉት ያልቃል» አሉኝ። እያንዳንዳችን ድርሻችንን ወስደን፣ ጠርበን፣ ቀብተን፣ ቅዳሜ እንድናመጣ ነው ሐሳቡ። ደግሞም በጣሊያን ጊዜ አውሮፕላን ከሰማይ መጥቶ መንደራቸውን እንደበተነ፣ እሳቸው እንሰት ውስጥ ተደብቀው ሁለት ቀን እንደከረሙ ነገሩን። «ያኔ እሱ በተነን። ዛሬ ተራው የኛ ነው» ብለው ሳቁ። እኔ ሞኙም ሳቅሁ።

አዲስ የእንሰት ቅጠል ተነጠፈ። አቶ አንጁሎ አምስት መደብ ሠሩ። ግራ ክንፍና ጠመንጃዎቹ አንድ መደብ፤ ቀኝ ክንፍና አብራሪው የሚቀመጥበት የመስታወት ቆብ አንድ መደብ። አካሉ ፈረንጆች ምን እንዳሰቡ እንጃ እንደ ባቄላ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ግራ ገጹ አንድ፣ ቀኝ ገጹ አንድ። ጅራትና ጎማ አምስተኛው። ቀረ ፕሮፔለሩ፣ ከአፍንጫው ላይ የሚሽከረከረው ባለ ሦስት ምላጭ ነገር። «ይህ ጉበት ነው። ጉበት ለአንድ ሰው አይሰጥም» አሉ አቶ አንጁሎ። «ኧረ በሕግ!» ብዬ ሳልጨርስ ቢላዋው ሦስት ቦታ አድርጎታል። ክንፍ ያልደረሳቸው ሦስቱ መደቦች አንዳንድ ምላጭ ተጨመረላቸው። አምስቱም እኩል ሆኑ። እንደ ሒሳብ አስተማሪ እመሰክራለሁ፤ ድልድሉ እንከን አልነበረውም።

ሰፌዱ ላይ አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ የባቄላ ፍሬ የምታህል፣ ቆብ የደፋች የአብራሪው ምስል። ተክሌ ይህስ ለማን ይደረግ ብሎ ጠየቀ። የአቶ አንጁሎ ፊት ወዲያው ተለወጠ። «ሰው አይደለደልም» አሉ። አያታቸው በገበያ የተሸጡ ሰው ነበሩና ማንም አልሳቀም። አብራሪው እንግዳ ሆኖ እኔ ቤት እንዲቀመጥ ተወሰነ፤ ባለቤቴም መደርደሪያው ላይ ከደወል ሰዓቱ አጠገብ ቦታ ሰጠችው።

ዕጣ የሚጥለው ድልድሉን ያላየ ሰው መሆን አለበት። ባለቤቴ ትጣል ብል፣ ሚስት ለባሏ ታደላለች ተብሎ ተከለከለ። በደጅ የምታልፍ ሸክላ ሻጭ ተጠራች። ሸክሟን አወረደች፤ የእያንዳንዳችንን ምልክት፣ ቁልፉንም ጠጠሩንም ስንጥሩንም ተቀብላ የአውሮፕላኑ ብልቶች ላይ አንድ በአንድ ጣለች። ይህ ምን ዓይነት ሥጋ ነው ብላ አልጠየቀችም። ሸክሟን ተሸክማ መንገዷን ቀጠለች። እኔ የአካሉ ቀኝ ገጽ ከአንድ ምላጭ ጋር ደረሰኝ። ሁሉም የደረሰውን በቅጠል ጠቅልሎ፣ በአንድ እጁ ሥጋ በአንድ እጁ አውሮፕላን ይዞ ተበተነ።

ከዚያ በኋላ ነው አንድ ነገር ትዝ ያለኝ። ለመሆኑ ቅርጫ ወስዶ የመለሰ ሰው አለ?

ቅዳሜ ደረሰ። መጀመሪያ የመጣው ተክሌ ነው። ክንፉን የካኪ እጅጌ አልብሶታል። «እንግዳ ፊት ራቁቱን ሊቀርብ ነው?» አለኝ። ለጠመንጃዎቹ ሁለት ኪስ ሰፍቶ ከቷቸዋል። ክንፉ ላይ የሚለጠፈው ክብ ምልክት ስለጠፋበት የኮት ቁልፍ ተክቶበታል፤ ቀዳዳው አራት የሆነ፣ ጥሩ ቁልፍ። ተከትሎት ድሬሰር ጋንታ መጣ። ጅራቱንና ጎማውን እንደ መርፌ ቀቅሏቸዋል። ጅራቱ እንደ ደረቀ ቃሪያ ተጨማዷል፤ ጎማዎቹ ክብ መሆን ትተዋል። ጋንታ ግን ኩራቱ ወደር የለውም፤ አሁን አንድም ተሕዋስ እንደሌለባቸው አረጋገጠልኝ። አቶ አንጁሎ የአካሉን ግራ ገጽ «ስቡን አነሣሁላት» ብለው ፍቀው ፍቀው የወረቀት ያህል አሳስተው፣ ከበር ቀለም በተረፈ አረንጓዴ ቀብተው አመጡ።

እትዬ ዳንቶሬ ግን ባዶ እጃቸውን መጡ። ክንፉስ ብላቸው፣ ዕጣ የሰጣቸውን ነገር እንደማይመልሱ በግልጽ ነገሩኝ። ለመንኳቸው። ስለ ልጁ ብዬ፣ ስለ አባትየው ብዬ ለመንኳቸው። በመጨረሻ «ማዋስ እችላለሁ እንጂ አልመልስም» አሉ። ይህን የሰሙ ሌሎቹም ወዲያው የእነሱም ውሰት እንደሆነ አስታወቁኝ። አውሮፕላን በውሰት ገጠምኩ እላችኋለሁ! የእትዬ ዳንቶሬ ክንፍ ሲመጣ ከዳር እስከ ዳር በለጋ ቅቤ ተቀብቷል። አዲስ ነገር ሳይቀባ ከቤት አይወጣም ነው ምክንያቱ። የመስታወቱን ቆብ ደግሞ ሰሞኑን ለደንበኞች ቅቤ ማቅመሻ አድርገውት ኖሯል።

ጫማ ሰፊ ዘንድ ሄጄ ማስቲሽ አመጣሁ። ሁለቱ የአካል ገጾች፣ አንዱ ወፍራም አንዱ ስስ፣ ቂም እንደያዙ ወንድማማቾች ጎን ለጎን ቆሙ። የካኪው ክንፍ ያዘ። የቅቤው ክንፍ ግን አልይዝ አለ። ቅቤን ማን አጣብቆ ያውቃል? በአመድ አሸሁት፣ በሳሙና አጠብሁት፣ ወዙ አልወጣ አለ። በመጨረሻ ተክሌ በክር ጠምጥሞ አሰረው። ጨርሰን ስናየው ከጠቅላላው አውሮፕላን አላምር ያለው የኔ ክፍል ብቻ ነበር፤ እንደ መመሪያው የተሠራው እሱ ብቻ ነበርና።

እሑድ ሚስተር ከሆስፒታል ወጥቶ ከአባቱ ጋር ቤቴ መጣ። ከስቶ ጆሮው ብቻ ቀርቷል። ጠረጴዛው ላይ ያለውን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ። እንግሊዝ ሲቆጣ ድምፅ አያሰማም ይባላል፤ እሱም አላሰማም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምስጋናዬ ብዙ ነበር። አራቱ ባለ ድርሻዎችም ነጭ ለብሰው ግድግዳውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ እያንዳንዱ የየራሱን ብልት በዓይኑ ይጠብቃል።

አባትየው ረጅም፣ ሽበታም ሰው ናቸው። እትዬ ዳንቶሬ ተነሥተው «ሳሮ፣ ሳሮ» እያሉ በሁለት እጃቸው ሰላም ሲሏቸው አንገታቸውን ብቻ ነቀነቁ። ተቀመጡ። አውሮፕላኑን አዩት። ብዙ ቆይተው እጃቸውን ዘርግተው አነሡት፤ ይኼኔ ክሩ ተፈታና ቀኝ ክንፉ ተገንጥሎ መዳፋቸው ላይ ወደቀ።

አባትየው ጣታቸውን አዩት፤ አሸተቱት። ከዚያ ለልጃቸው አንድ ነገር ተናገሩ። ሚስተር ለሁለት ከተከፈለው አውሮፕላን በላይ በአባቱ መናገር ተደናግጦ ተረጎመ፤ ይህ ምን ዓይነት ዘይት ነው እያሉ ነው። «የቦዲቲ ቅቤ ነች፤ ለጋ» አሉ እትዬ ዳንቶሬ በኩራት። እሳቸው ክፍላቸውን ከተናገሩ ማን ዝም ይላል? ተክሌ ስለ ኪሶቹ፣ ጋንታ ስለ ተሕዋስ፣ አቶ አንጁሎ ስለ ጉበቱ ተናገሩ። ሚስተር እየተንተባተበ ይተረጉማል። የሰውየው ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ወባው ወደ አባት ተላለፈ ብዬ ደንግጬ ነበር፤ ለካ ሳቅ ነው።

ከዚያማ ማን ያስቁማቸው። በጦርነቱ ጊዜ አውሮፕላን ከዘመቻ ሲመለስ ልክ እንዲህ ሆኖ ነበር የሚመጣው። ከአምስት ስብርባሪ አንድ ይሠሩ ነበር፤ ክንፉን ከአንዱ፣ ጅራቱን ከሌላው። አንድ ጊዜ መጠገኛ ጨርቅ ቢያጡ የገዛ ሸሚዛቸውን ቀደው ለጥፈውበታል። ይህን ሲሉ የተክሌን ካኪ በጣታቸው ዳሰሱት። ተክሌ በዕድሜው እንዲህ ዓይነት ደንበኛ ገጥሞት አያውቅም።

ድንገት የመስታወቱን ቆብ ወደ ብርሃን አንሥተው ውስጡን ተመለከቱና አብራሪውስ ብለው ጠየቁ። እኛ እርስ በርስ ተያየን። አብራሪውን ረስተነው ኖሯል! ባለቤቴ ሮጣ ከደወል ሰዓቱ አጠገብ አምጥታ መዳፋቸው ላይ አኖረችው። አቶ አንጁሎ የረሳነው እንዳይመስላቸው፣ «ሰው አይደለደልም ብለን ነው ያስቀመጥነው» አሏቸው። ሚስተር ተረጎመ። አባትየው እጃቸውን ጨበጥ አደረጉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ወንበሩ ላይ በገዛ እጃቸው ቀበቶውን ስላሰሩለት የሃያ ዓመት ልጅ ነገሩን፤ ሄዶ ስላልተመለሰ ልጅ። ለዘመናት ያፈኑት እሱን ነበር። ፀሐይ እስክትጠልቅ አወሩ። መጨረሻ ላይ ልጁ መተርጎሙን ትቶ ዝም ብሎ ይሰማቸው ነበር። ቋንቋው የማይገባቸው ጎረቤቶቼም አብረውን ሰሙ። እትዬ ዳንቶሬ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጉ ነበር፤ እኔም ነጠላ ቢኖረኝ እጠርግ ነበር።

አባትየው ሊሄዱ ሲነሡ ሚስተር አውሮፕላኑን ሻንጣቸው ውስጥ ሊያስቀምጥ አነሣው። አቶ አንጁሎ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ውሰት ነው፤ ቅርጫ ደግሞ ቅርጫ ነው። ሚስተር እየሳቀ አስቀመጠው፤ የፈለገውን ቀድሞ አግኝቷል። እያንዳንዱ ብልቱን ነቅሎ ወሰደ፤ እውነት ለመናገር ብዙ ጉልበት አልጠየቀም። ክንፉ ብቻ አባትየው እጅ ቀረ። እትዬ ዳንቶሬም አልወሰዱትም። «እጁ ላይ ወድቆ የለ? ዕጣው ነች» አሉ። አብራሪው ግን እንደማይደለደል የታወቀ ነው፤ እንደ ማኅበር ጽዋ በየጊፋታው ቤት ለቤት በተራ እንዲዞር ተስማማን። አባትየውም ስድስተኛ አባል ሆነው ተመዘገቡ።

እነሆ አምስት ጊፋታ አለፈ። አብራሪው በየቤታችን ከረመ፤ እትዬ ዳንቶሬ ዘንድ ተቀባ፣ ተክሌ ዘንድ ካፖርት ተሰፋለት፤ ከጋንታ ቤት ግን ሳይቀቀል እንዲወጣ አስምለነው ነበር። ሚስተር አገሩ ገብቷል። በስድስተኛው ዓመት ከአባትየው ደብዳቤ መጣ፤ ለገዛ ልጃቸው እንኳ ጽፈው የማያውቁ ሰው ናቸው። ተራቸው መድረሱን፣ ልጃቸውም በየእሑዱ እየመጣ እንግዳው መቼ ይገባል እያለ እንደሚነዘንዛቸው ጽፈው፣ አብራሪው ለምን እንደዘገየ ይጠይቃሉ።

በማግስቱ ከነካፖርቱ ጠቅልዬ ፖስታ ቤት ወሰድኩት። ጸሐፊው ውስጡ ምን እንዳለ ጠየቀኝ፤ የተዋጊ አውሮፕላን አብራሪ ነው አልኩት። ጥቅሉን በእጁ መዝኖ፣ እኔን ከላይ እስከ ታች ተመልክቶ፣ አብራሪ ከሆነ ታዲያ በራሱ አውሮፕላን አይሄድም ወይ አለኝ።

«አውሮፕላኑንማ ተካፍለነዋል» አልኩት።